በጎኑ የተኛ ማንጎ

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ጫኖ፣ መንደራችን ዋልኩ። እማዬን ማንጎ ሳግዝ። እጄ እስካሁን የማንጎ ሙጫ ይሸታል።

እማዬ ደንብ አላት። ማንጎ ሳጥን ውስጥ ሲገባ በጠፍጣፋው ጎኑ ይተኛል። ሁሉም። በጠርዙ የቆመ ካየች ጉድ ፈላ። «ይንከባለላል! ተንከባለለ ማለት ተጋጨ፣ ተጋጨ ማለት ጠቆረ፣ የጠቆረ ደላላ አይነካውም!» ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብጠየቅ እመልሰዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አገኘሽ መጥታ አብራን ደረደረች። «ዕድላዊት፣ ምንድን ነው የምትማሪው ግን?» አለች። አፌን ሳልከፍት እማዬ መለሰች፦ «ኮምፒውተር ነው።» ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር! ፊዚክስ ነው ብዬ ስንቴ ልናገር…

ዛሬ ግን ወኔ መጣብኝ። «እማዬ ስሚኝ። አቶም መሃል አስኳል አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ በምንም መነጽር አይታይም። ድቡልቡል ይሁን፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ይሁን፣ እንደዚህ እንደ ማንጎ ጠፍጠፍ ያለ ይሁን ማንም አይቶ አያውቅም። አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ማሽን አለ፣ ሁለት አስኳል በኃይል ያጋጫል። ብትንትኑ ይወጣል። እኔ ፍርስራሹ ወዴት ወዴት እንደበረረ አይቼ፣ ከመጋጨቱ በፊት ቅርጹ ምን ነበር የሚለውን አገኛለሁ።» እንዲገባት ብዬ ሁለት ማንጎ አነሳሁና… ጧ!

እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ። «አብደሻል? ደህናውን ማንጎ!» ከእጄ ቀማችኝ። ዳበሰቻቸው። «አይዟችሁ» ልትላቸው ምንም አልቀራት። «እየተማረ ዕቃ የሚያበላሽ ሰው የት አገር ነው ያለው?»

እትዬ አገኘሽ በሳቅ ሞተች። የተጋጩትን ሁለቱን እኔ በላሁ። ቅጣት መሆኑ ነው። ምነው ቅጣት ሁሉ እንዲህ በሆነ!

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

አርባ ምንጭ፣ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ። ዲሪባ ቀድሞኝ ገብቷል። «ወይዘሪት ማንጎ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ ወንበር እየሳበልኝ። የነቀምት ልጅ ነው፣ አምና ማስተርሱን ጨርሶ ላብራቶሪ ረዳት ሆኖ ቀረ። እሱ ያጠናው የዩራኒየምን አስኳል ነበር። እኔ የዜኖንን። ፕሮግራሙን ከሱ ወረስኩ፣ ከነለከፋው።

ሥራችን እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ የውሸት አስኳል እንሠራለን። ቅርጽ እንሰጠዋለን። ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ እናጋጨዋለን። ፍርስራሹን አውሮፓ ያሉት ሰዎች ካሳተሙት መረጃ ጋር እናመሳክራለን። የተመሳሰለው ቅርጽ እሱ ነው እንላለን።

ለዜኖን የእንቁላል ቅርጽ ሰጠሁት፣ የማንጎም ሰጠሁት። ማንጎው አልገጥም አለ። እንቁላሉ ተሻለ። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች የጻፉት ግን ወደ ማንጎው ያደላል።

አማካሪዬ ዶክተር ገነነ ግራፉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ከሰው የተለየ መልስ ወይ አዲስ ነገር ነው፣ ወይ ስህተት ነው። የቱ ነው?»

«አዲስ ነገር ነው፣ ዶክተር!» አልኩ። ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ሚያዝያ 23

መብራት የለም። ከዲሪባ ጋር ሲቀላ ሰፈር ወርደን ዓሣ በላን። አጥንቱን ብቻ ሳህኑ ላይ በትኖ፣ «ቅርጹ ምን ነበር? ፍርስራሹን አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሞኝ። ሳቅኩ እንጂ ምን ላድርግ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

አለቀ! የማስተርስ ጽሑፌ፣ አምስት ቅጂ፣ ጥቁር ሽፋን፣ ስሜ በወርቃማ ፊደል። ከጠራዡ ቤት ስወጣ አቅፌው ነው የሄድኩት። ባጃጁ «እህት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው?» አለኝ።

ዲፌንሱ ግንቦት 22። ፈታኙ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ትምህርት ክፍሉ አንድ የረዳት መምህርነት ቦታ አውጥቷል፣ እስከ ሰኔ 30 ዲፌንስ ያደረገ ብቻ ነው የሚወዳደረው። እዚሁ መቅረት… እዚሁ ማስተማር… ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

እማዬ ለኦቾሎ ሸማኔ ነጠላ አዘዘች፣ ጥለቱ እንደ ባህል ሱሪው እንደ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ለኔ መስሎኝ ነበር። ለራሷ ነው። ሚኒባስም ተነጋግራለች። «ሚኒባስ ለምን?» «ከቸርች አሥራ ሦስት ሰው ነን።»

አሥራ ሦስት ሰው! ስለ ዜኖን ሊሰማ!

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ጫኖ ነበርኩ። ዘመድኩን የሚባለው ደላላ መጣ። ሰው አያምንም። «ከላይ ጥሩ ጥሩውን ደርድራችሁ ከሥር የምታደርጉትን አውቃለሁ» አለና አንድ ሳጥን አንስቶ ሸራው ላይ ገለበጠው። እማዬ ጮኸች። እኔም ልጮህ ነበር… ግን አየሁ።

ማንጎዎቹ በአየር ላይ እየዞሩ ወረዱ። አንዱ በጠርዙ። አንዱ በአፍንጫው። አንዱ በጀርባው። እንደደረደርኩት በጎኑ የቀረ አልነበረም።

አንዱን አነሳሁና አዞርኩት።

በአየር ላይ ያለ ማንጎን ማን በጎኑ ያስተኛዋል? አስኳል ሳጥን የለውም። ማሽኑ ውስጥ ወለል የለም፣ እላይ እታች የለም፣ እማዬ የለችም። እንደፈለገ ይንከባለላል። የኔ ፕሮግራም ላይስ? እንዲንከባለል አድርጌው ነበር? አድርጌዋለሁ አይደል?

ላፕቶፑ ዶርም ነው። እማዬ «ምን ሆንሽ፣ አመድ መሰልሽ» ትለኛለች። ዘመድኩን ከሥርም ደህና መሆኑን አይቶ አፍሮ ሄደ። ደስ አላት። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ቸርች። ፓስተር ኤርጫፎ ከመድረክ፦ «እህታችን ዕድላዊት በዚህ ወር ትልቅ ፈተና አለባት፣ እንጸልይላት።» ሁሉም ተነሳ። ከሁሉም በላይ የእማዬ አሜን ተሰማ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ከፈትኩት። መስመር 214። ሁለት መዞሪያዎች አሉ፣ አፍንጫው ወዴት እንደሚዞር የሚወስኑ። ሦስተኛው፣ በራሱ ርዝመት ላይ መንከባለሉ… ዜሮ። አጠገቡ በራሴ እጅ የተጻፈ፦ «አይንከባለልም፣ አያስፈልግም»።

አይንከባለልም! የእናቴ የአሰፋሽ ልጅ ሆኜ!

የዲሪባ ዩራኒየም እንቁላል ስለነበር ሦስተኛው አላስፈለገውም። እንቁላል በርዝመቱ ላይ ቢንከባለል ያው እንቁላል ነው። እኔ ግን እንቁላሉን ወደ ማንጎ ስቀይር ማንከባለል ነበረብኝ። ማንጎ ርዝመቱ ሌላ፣ ወርዱ ሌላ፣ ውፍረቱ ሌላ። በጠርዙ ሲጋጭና በጎኑ ሲጋጭ ፍርስራሹ አንድ አይሆንም። ይሄን የማያውቅ የጫኖ ልጅ አለ? ግን በኔ ጭንቅላት ውስጥ ማንጎ በጠርዙ ቆሞ አያውቅም። ስንት መቶ ሺህ ግጭት፣ ሁሉም በጎናቸው ተኝተው፣ በደንብ ተደርድረው። ማንጎው ከመረጃው ጋር ያልገጠመው ለዚህ ነው። «አዲስ ነገር» ያልኩት ይሄ ነው።

ለዲሪባ አሳየሁት። «አይንከባለልም» የሚለውን ሲያነብ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እንባው መጣ። ፊቴን ሲያይ አቆመ። ወንበሩን አስጠግቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ማን ያየዋል? ፈታኙ ፕሮግራም ከፍተው አያዩም። ዲፌንስሽን አድርጊ፣ ቦታውን ያዢ፣ ከዚያ ታስተካክዪዋለሽ።»

ልክ ነው። ማንም አያየውም።

አስኳሉንም እኮ ማንም አያየውም። ታዲያ የኔ ሥራ ምንድን ነው?

ግንቦት 12

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። ዘጋሁ። ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዲሪባ አልተከራከረኝም። «እንግዲያው ሣር ይዘሽ ግቢ» አለኝ። «የናንተ አገር ሽማግሌዎች ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘው ሲንበረከኩ ማንም ረግጦ አያልፍም አይደል?» ቀልዱን ነው። እኔ ደግሞ የምሬን አደረግኩት። ከሕንፃው ፊት ለፊት እፍኝ ሣር ነጨሁ። አትክልተኛው ከሩቅ፦ «ኧረ እህቴ! ላም አለሽ እንዴ?»

ዶክተር ገነነ በሩን ሲከፍቱ ሣር ይዤ ቆሜያለሁ። እኔን አዩ፣ ሣሩን አዩ። የኦቾሎ ሰው ናቸው፣ ለሳቸው አይተረጎምም።

«ማንና ማን ተጣላ?»

«እኔና ዜኖን» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዜሮውን፣ ሳጥኑን፣ ደላላውን…

ሣሩን ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት።

«መጀመሪያ፣ ሣር የሚይዘው ሽማግሌ ነው። የሚይዘውም ሌላውን ሊያስታርቅ ነው እንጂ የራሱን ጥፋት ሊያቀል አይደለም። አባቴ ቢያይሽ በሳቅ ይሞት ነበር።» ሳቅ መጣላቸው፣ ዋጡት። «ሁለተኛ፣ እኛ ጋ ጥፋት በጓዳ አይነገርም። ዱቡሻ፣ አደባባዩ ላይ ወጥቶ፣ ሰው በተቀመጠበት ነው። ዓርብ ሴሚናር አለ።»

«ሁሉም ባለበት ዶክተር?»

«ፕሮግራምሽን ለማን ለማን ሰጥተሻል?»

ለሁለት ተማሪዎች። ጭራሽ አላሰብኳቸውም ነበር። እነሱም ማንጎ በጎኑ እያስተኙ ነው።

«ዲፌንሱስ? ቦታውስ?» አልኩ መጨረሻ ላይ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ዲፌንሱ ይራዘማል። ቦታው ግን አይጠብቅም። ይሄንን ሳታውቂ ነው ሣር የነጨሽው?»

አውቄ ነው። አውቄ ነው ግን ከሳቸው አፍ ስሰማው… ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሣሩ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ቀረ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ተናገርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። መስመር 214ን ግድግዳው ላይ አሳየሁ። «አይንከባለልም» የሚለው ማስታወሻ አንድ ሜትር ሆኖ ተነበበ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ምርጫ አለኝ።

ፕሮግራሙን የወሰደችው ቤተል እጇን አወጣች፦ «የኔም ተበላሽቷል ማለት ነው?» «ያንቺም።» አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጌታ ይባርክሽ! ሰኞ ላስረክብ ነበር እኮ!»

ስወጣ ራበኝ። በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ለእማዬ መንገር ከአሥራ ዘጠኙ ሰው ይከብዳል።

«ዲፌንሱ ተራዘመ» አልኳት።

«ማን አራዘመው?»

«እኔ።»

«ሚኒባሱስ?» መጀመሪያ ያለችው ይሄ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። ቦታውም ሊያመልጠኝ እንደሚችል። ያየ ሰው እንደሌለ፣ ብተወው የሚያውቅ እንደማይኖርም። አንድ ማንጎ አንስታ እጇ ላይ አገላበጠችው። በጎኑ። በጠርዙ። በጎኑ።

«በጎኑ አስተኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

«አይ እማዬ፣ አንቺ ምን አደረግሽ…»

«እኔ ነኝ። ለሳጥን ነው ያልኩሽ ግን። ለዓለም ሁሉ አላልኩም!» ተቆጣች። ከዚያ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ፣ ድምጿ ወረደ። «ዝም ብትዪ አሥራ ሦስታችንም እናጨበጭብልሽ ነበር። ምን እንዳጨበጨብን ሳናውቅ።»

ተያይዘን አለቀስን። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «አሁን ለአገኘሽ ምን እላታለሁ?» አለች። ይሄ ነው ያስጨነቃት።

ግንቦት 19

ሦስተኛው መዞሪያ ገባ። ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ። አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል፣ መብራት ካልሄደ። ካልሄደ!

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ዛሬ ነበር ዲፌንሴ። መብራት ሄደ። የአራት ቀን ሥራ ገደል ገባ። ዲሪባ አንዲት ቀልድ አልቀለደም። ያስፈራል።

ግንቦት 24

ዲሪባ እሑዱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙ በየሺህ ግጭቱ ራሱን እንዲያስቀምጥ አደረገልኝ። አሁን መብራቱ እንደፈለገ ይሂድ። «ለማንጎ የማላደርገው የለም» አለ። ስለ ፍሬው ነው? አልጠየቅኩም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

አምስቱ ጥቁር ቅጂዎች ጫኖ ነበሩ። ነበሩ! እማዬ ገንጥላ ሳጥን ሥር አንጥፋቸዋለች። «የተሳሳተ ነው አላልሽም? ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ነው።» ምዕራፍ ሦስት ዛሬ በዘመድኩን አይሱዙ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ያልደረስኩበት።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ገጠመ።

ገጠመ! ማንጎው ከእንቁላሉ ይልቅ ለመረጃው ቀረበ። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሌሎቹ ያሉትን ነው ያገኘሁት። ግን እኔ አገኘሁት። አርባ ምንጭ ቁጭ ብዬ። ማንም ያላየውን ነገር ቅርጽ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ማንጎ ነው እማዬ!»

«ምኑ?»

«ዜኖን!»

«ስንት ኪሎ?»

እየቀለደችብኝ ነው? እስካሁን አላወቅኩም።

ሰኔ 30

ፈታኙ ከሐምሌ በፊት አይመቻቸውም። ቦታው ዛሬ ተዘጋ። ከሌላ ክፍል የመጣ ልጅ ወሰደው፣ ጎበዝ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ሴቻ ሰፈር ሄጄ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ከፋኝ። አልከፋኝም ብዬ እዚህ ላይ ብዋሽ ማንን ላታልል ነው?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

አለፍኩ።

ፈታኙ ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ፣ «የመጀመሪያው ስህተት ለምን በጽሑፍሽ ውስጥ ገባ? ማውጣት ትችዪ ነበር» አሉ። «እሱን ካወጣሁ ማንጎውን እንዴት እንዳገኘሁት አይታወቅም» አልኩ። ጻፉ። ምን እንደጻፉ እንጃ። ዶክተር ገነነ ከኋላ ሆነው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱና አንዲት የደረቀች ሣር አሳዩኝ። ሳቄን ለመያዝ ውኃ ጠጣሁ፣ ትን አለኝ።

አሥራ ሦስቱም መጥተዋል። ሦስቱ ተኝተዋል። እማዬ በአዲሱ ነጠላዋ ፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ፣ አንዴም ሳትንቀሳቀስ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ቸርች ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ከበቡን። ዲሪባም መጥቷል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ ልል ነው» ብሎ፣ ጫማውን ወልውሎ። እማዬ ዓይኗን ከጫማው አልነቀለችም።

እትዬ አገኘሽ ያንኑ ጥያቄዋን አነሳች። «ኧረ አሰፋሽ፣ ዓርብ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጬ አንድም አልገባኝ። ልጅሽ ምንድን ነው ያጠናችው?»

ኮምፒውተር ትላታለች ብዬ አፌን ልከፍት ስል፣ «ቆይ አንቺ» አለችኝ እማዬ። ቦርሳዋን ከፈተች። ለፓስተሩ ቤት ያመጣቻቸው ሁለት ማንጎዎች ነበሩ። የዘንድሮ የመጨረሻዎቹ፣ ከዛፉ ጫፍ የወረዱ፣ የበሰሉ።

«ይሄ ዜኖን ነው» አለች አንዱን ከፍ አድርጋ። «በዓይን አይታይም። በሳጥን አይደለም ያለው፣ በአየር ነው የሚሄደው። ስለዚህ እንዲህ በጎኑ ይመጣል፣ እንዲህ በጠርዙ ይመጣል፣ እንዲህ በአፍንጫው ይመጣል።» እያንከባለለች አሳየቻቸው። «ከዚያ…»

«እማዬ፣ ተይ…»

ጧ!

ከነልጣጩ ፈነዳ። ጭማቂው ክንዷን ይዞ ወረደ፣ ነጠላውን አዳረሰው። እትዬ አገኘሽ ወደ ኋላ ዘለለች። አንድም ማንጎ ሲጋጭ ማየት የማትችል ሴት ሁለቱን ጨፍልቃ ይዛ ቆማለች፣ እየሳቀች።

«በሉ» አለቻቸው። «ይሄን ፍርስራሽ ብቻ አይታችሁ ማንጎ ነበር ማለት ትችላላችሁ? የኔ ልጅ ትችላለች።»

ማልቀሴን ሴቶቹ አዩ። ይዩ።

ነጠላውን ማታ ሁለቴ አጠብኩት። ቢጫው አልለቅ አለ። «ተይው» አለችኝ፣ «እንዲሁ ነው የምለብሰው።»